ኪሎ ባይቀንስም፦ እንቅስቃሴ ለውፍረትና ለሥር የሰደዱ በሽታዎች የሚሠራውና የማይሠራው

ብዙ ሰው ስፖርት የሚጀምረው ለመክሳት ነው። የሚያቆመውም ስላልከሳ ነው። ማልዶ ተነስቶ ይራመዳል፣ ላቡ ጠብ እስኪል ይለፋል፤ በወሩ ሚዛን ላይ ሲወጣ ግን ቁጥሩ ወይ ካለበት ፈቀቅ አላለም፣ ወይ ጭራሽ ግማሽ ኪሎ ጨምሯል። «ለኔ አይሆንም» ብሎ ጫማውን አልጋ ሥር ይወረውራል። ሐኪሙ «ስኳርም ግፊትም አለብህ፤ እንቅስቃሴ አድርግ» ያለውም ከጫማው ጋር እዚያው ይቀራል።

እኔ እንደሚመስለኝ ጥፋቱ የሰውየው አይደለም፤ ስፖርትን የምንሸጥለት መንገድ ነው። እንቅስቃሴ ኪሎ በመቀነስ ረገድ ከሚወራለት ያነሰ ይሠራል። ከውፍረት ጋር ተያይዘው የሚመጡ በሽታዎችን በመቆጣጠር ረገድ ደግሞ ከሚወራለት እጅግ የበለጠ ይሠራል። እነዚህን ሁለት ነገሮች ያልለየ ሰው ውስጡ እየተሻሻለ ሳለ «ምንም አልጠቀመኝም» ብሎ ይተወዋል።

ሚዛኑ ለምን አይንቀሳቀስም?

ሒሳቡ ቀላል ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ ቢራመድ በግምት 150 ካሎሪ ያቃጥላል። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ የያዘው ኃይል ደግሞ ወደ 7,700 ካሎሪ ይጠጋል። ሰውየው በሳምንት 5 ቀን ቢራመድ 750 ካሎሪ ነው፤ አንድ ኪሎ ስብ ለማጥፋት 10 ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል ማለት ነው። ያውም በዚህ ሁሉ ጊዜ አበላሉ ቅንጣት ካልጨመረ ነው። ግማሽ ሰዓት የተለፋበትን ካሎሪ አንድ ጣሳ ለስላሳ መጠጥ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ይመልሰዋል።

ሰውነትም ዝም ብሎ አያይም። የወጣበትን ለመተካት ረሃብ ይጨምራል። ጠዋት የሮጠ ሰው ከሰዓት በኋላ ሳይታወቀው ቁጭ ማለት ያበዛል፤ ደረጃ ትቶ ሊፍት ይጠራል። «ዛሬ ስፖርት ሠርቻለሁ» የሚለው ፈቃድም አለ፤ በዚያ ፈቃድ ስንት ነገር እንደሚበላ ሁላችንም እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በ2012 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የታተመ አንድ ጥናት በታንዛኒያ በአደንና በለቀማ የሚኖሩትን የሃድዛ ሰዎች በቀን የሚያወጡትን ኃይል ለክቶ ነበር። ቀኑን ሙሉ በእግራቸው ሲጓዙ የሚውሉት እነዚህ ሰዎች፣ የአካል መጠናቸው ግምት ውስጥ ሲገባ፣ በቀን የሚያቃጥሉት ካሎሪ በበለጸጉ አገሮች ተቀምጠው ከሚሠሩት ሰዎች ብዙም የራቀ ሆኖ አልተገኘም። ሰውነት እንቅስቃሴ ሲበዛበት በሌላ በኩል የሚቆጥብበት ዘዴ አለው የሚለው ሐሳብ ከዚያ ወዲህ ብዙ ተከታይ አፍርቷል። እስከ የት ድረስ እንደሚቆጥብ ዛሬም ያከራክራል።

አመጋገባቸውን ሳይቀይሩ በእንቅስቃሴ ብቻ ለመክሳት የሞከሩ ሰዎች በጥናቶች ውስጥ በአማካይ የቀነሱት 2 ወይም 3 ኪሎ ያህል ነው። አማካይ ስለሆነ ከዚያ በላይ የቀነሰ አለ፤ የጨመረም አለ። ኪሎ ለመቀነስ ዋናው መንገድ ሳህኑ ነው። ይህን ከመጀመሪያው በግልጽ መናገር ሰውን ተስፋ ያስቆርጣል ብለው የሚፈሩ አሉ፤ ይበልጥ ተስፋ የሚያስቆርጠው ግን በሦስተኛው ወር ብቻውን ሚዛኑ ላይ ቆሞ ሲያውቀው ይመስለኛል።

ጡንቻና ስኳር

አሁን ሚዛን ወደማያየው እንግባ። ከምግብ በኋላ ወደ ደም የሚገባው ስኳር በብዛት የሚያርፈው ጡንቻ ውስጥ ነው። እንዲገባ የሚያዝዘው ከቆሽት የሚመነጨው ኢንሱሊን ነው። በሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ መጀመሪያ ላይ ኢንሱሊን አልጠፋም፤ ሴሎቹ ግን ትእዛዙን በቅጡ አይሰሙም። ቆሽት አለመሰማቱን ለማካካስ አብዝቶ ያመርታል፤ ከዓመታት በኋላ ይደክማል፤ ያኔ ስኳሩ ደም ውስጥ ተከማችቶ ይቀራል።

ጡንቻ ሲኮማተር ግን ሌላ ነገር ይፈጠራል። ግሉት-4 የሚባሉት ስኳር አሳላፊ ፕሮቲኖች ከጡንቻው ሴል ውስጥ ተነስተው ወደ ሴሉ ጠርዝ ይወጣሉ፤ የኢንሱሊንን ትእዛዝ አይጠብቁም። የፊት በሩ ቢዝግም የጓሮ በሩ ይከፈታል ማለት ነው። ዋናው ቁም ነገር ደግሞ ይህ የጓሮ በር ስኳር በሽታ ባለበትም ሰው ላይ መሥራቱ ነው። እንቅስቃሴው ካበቃ በኋላም ጡንቻው ከ24 እስከ 48 ሰዓት ድረስ ለኢንሱሊን የተሻለ ምላሽ ይሰጣል። ስኳር ያለበት ሰው ከሁለት ቀን በላይ በተከታታይ ሳይንቀሳቀስ እንዳይቆይ የሚመከረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ተለፍቶ ሳምንቱን ሙሉ መቀመጥ ለስኳር ያን ያህል አይመችም።

የስኳር መለኪያ ያለው ሰው ይህን በራሱ ጣት ሊያረጋግጥ ይችላል። አንድ ቀን የለመደውን ምግብ በልቶ ተቀምጦ ይቆይና ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ይለካ። በሌላ ቀን ያንኑ ምግብ በዚያው መጠን በልቶ፣ ወዲያው 15 ደቂቃ ተራምዶ፣ በዚያው ሰዓት ይለካ። በአብዛኛው ሁለተኛው ቁጥር ዝቅ ብሎ ይገኛል። ክብደቱ በሁለቱም ቀን ያው ነው። እንዲህ ያለ የሚታይ ቁጥር ከብዙ ምክር ይበልጣል ባይ ነኝ።

በ2001 የወጣ የጥናቶች ጥምር ትንተና የሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕሙማንን የተመለከቱ ሙከራዎችን ሰብስቦ አይቷል። እንቅስቃሴ ያደረጉት ሰዎች ኤችቢኤዋንሲ፣ ማለትም የሁለት ሦስት ወሩን የስኳር አማካይ የሚያሳየው የደም ምርመራ፣ ካላደረጉት በ0.66 ነጥብ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ይህ አንዳንድ የሚዋጥ መድኃኒት ከሚያመጣው ለውጥ ብዙም አይርቅም። በሁለቱ ቡድኖች መካከል የክብደት ልዩነት ግን አልታየም። ሚዛኑ ብቻ ቢጠየቅ ኖሮ «ሙከራው ከሽፏል» ይባል ነበር።

በሽታው ገና ያልያዛቸው፣ ስኳራቸው ግን ከፍ ማለት የጀመረ ሰዎችስ? በቻይና ዳቺንግ ከተማ በ1986 የተጀመረ ሙከራ 577 እንዲህ ያሉ ሰዎችን ከፋፍሎ ለስድስት ዓመት ተከታትሏል። አመጋገባቸውን ብቻ ያስተካከሉት፣ እንቅስቃሴ ብቻ የጨመሩትና ሁለቱንም ያደረጉት፣ ምንም ካልተቀየረላቸው ይልቅ ወደ ስኳር በሽታ የመሸጋገር ዕድላቸው በግልጽ አነሰ፤ ቅነሳው እንደ ቅደም ተከተላቸው 31፣ 46 እና 42 በመቶ ነበር። በአሜሪካ 3,234 ሰዎችን ያቀፈውና ውጤቱ በ2002 የታተመው ሌላ ሙከራ ደግሞ በሳምንት 150 ደቂቃ እንቅስቃሴንና 7 በመቶ ክብደት መቀነስን ግብ አድርጎ የሽግግሩን ዕድል በ58 በመቶ ዝቅ አደረገው። በዚያው ሙከራ ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር ክኒን የዋጡት ሰዎች ውጤት 31 በመቶ ነበር።

ቦርጭ፣ ጉበት፣ የተቀነሰውን ኪሎ መጠበቅ

ስብ ሁሉ አንድ አይደለም። ከቆዳ ሥር ያለው በአመዛኙ ገር ነው። ችግር የሚፈጥረው የሆድ ዕቃን የከበበውና ጉበት ውስጥ የገባው ነው፤ ከስኳር፣ ከግፊትና ከልብ በሽታ ጋር ይበልጥ የሚቆራኘውም እሱ ነው። እንቅስቃሴ ደግሞ ይህንኑ ስብ ክብደት ባይቀንስም እንኳ ያሳንሰዋል። ጡንቻ ትንሽ ጨምሮ የሆድ ውስጥ ስብ ትንሽ ከቀነሰ ሚዛን ልዩነቱን አያይም፤ ቀበቶ ግን ያየዋል። ስለዚህ በወር አንድ ጊዜ ወገብን በሜትር መለካት በየቀኑ ሚዛን ላይ ከመውጣት የተሻለ ነገር ይናገራል። (ሆድ የሚያጠነክሩ እንቅስቃሴዎች የሆድን ስብ ለይተው ያጠፋሉ የሚባለው ግን ትክክል አይደለም፤ ሰውነት ስቡን ከየት እንደሚወስድ አንመርጥለትም።)

ኪሎን በተመለከተ እንቅስቃሴ እውነተኛ ጉልበቱን የሚያሳየው ኪሎው ከቀነሰ በኋላ ነው። የከሳ ሰው ሰውነት ወደ ቀድሞው ክብደት ለመመለስ ይታገላል፤ ረሃቡ ይበረታል፣ የሚያቃጥለው ካሎሪም ይቀንሳል። በአሜሪካ ከ1994 ጀምሮ ቢያንስ 13.6 ኪሎ ቀንሰው ለአንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የጠበቁ ሰዎች የሚመዘገቡበት መዝገብ አለ። አብዛኞቹ በቀን አንድ ሰዓት ያህል ይንቀሳቀሳሉ፤ የብዙዎቹ ምርጫም መራመድ ነው። መዝገብ ሙከራ አይደለም፤ በራሳቸው ፈቃድ የተመዘገቡና የተሳካላቸው ሰዎች ስብስብ ነው። ሆኖም በ2021 የታተመ የዴንማርክ ሙከራ ወደዚያው ያመለክታል፦ በጥብቅ አመጋገብ በአማካይ 13 ኪሎ ገደማ የቀነሱ 195 ሰዎች ለአንድ ዓመት ሲታዩ፣ ሊራግሉታይድ የተባለውን የምግብ ፍላጎት የሚቀንስ መርፌና እንቅስቃሴን አንድ ላይ የያዙት ከሁሉም የተሻለ ውጤት አገኙ።

አሁን አሁን የምግብ ፍላጎትን የሚዘጉ መርፌዎች በሰፊው መወሰድ ስለጀመሩ አንድ ነገር መጨመር አለበት። በአመጋገብም ሆነ በመርፌ በፍጥነት የሚቀንስ ኪሎ ስብ ብቻ አይደለም፤ ጡንቻም አብሮ ይሄዳል። ክብደት የማንሳት ዓይነት እንቅስቃሴና በቂ ፕሮቲን ያንን ኪሳራ ይቀንሳሉ። በተለይ ዕድሜያቸው ለገፋ ሰዎች ጡንቻ ማለት ከወንበር ያለ እርዳታ መነሳት፣ ሲደናቀፉም አለመውደቅ ማለት ነው።

ልብ፦ ከአልጋ ወደ እግር

ዛሬ «የልብ ሕመም ካለብህ ተንቀሳቀስ» ሲባል የተለመደ ምክር ይመስላል። በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ግን የልብ ድንገተኛ ጥቃት የደረሰበት ሰው እስከ ስድስት ሳምንት አልጋ ላይ ይተኛ ነበር። ሳሙኤል ሌቪንና በርናርድ ላውን የተባሉ ሐኪሞች በ1952 ሕሙማን ወንበር ላይ እንዲቀመጡ ማድረጋቸው እንኳ እንደ ድፍረት ታይቷል። መተኛት ራሱ ምን ያህል እንደሚጎዳ የታወቀው በኋላ ነው። በ1966 በዳላስ 5 ጤነኛ የ20 ዓመት ወጣቶች ለሦስት ሳምንት አልጋ ላይ እንዲቆዩ ተደረገ። ከ30 ዓመት በኋላ እነዚያው ሰዎች ዳግም ሲመረመሩ፣ ሰውነታቸው በከባድ ሥራ ጊዜ ኦክስጅን የመጠቀም ችሎታው በሦስቱ ሳምንታት የወረደውን ያህል በ30 ዓመት እርጅና አልወረደም።

ከዚያም በፊት ጄሪ ሞሪስ የተባለ ሐኪምና ባልደረቦቹ በለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ላይ የሠሩት ጥናት አለ፤ በ1953 ነው የታተመው። አንዱ አውቶቡስ ላይ ሁለት ሠራተኞች አሉ፦ ቀኑን ሙሉ የሚቀመጠው ሾፌርና ደረጃውን ሲወጣ ሲወርድ የሚውለው ትኬት ቆራጭ። በልብ ሕመም ይበልጥ የሚጠቁት ሾፌሮቹ ሆነው ተገኙ። ወዲያው ጥያቄ ተነሳ፤ ምናልባት ሾፌርነት የሚመርጡት ከመነሻው ወፍራሞቹ ቢሆኑስ? ተመራማሪዎቹ የደንብ ልብስ መዝገቡን አስወጡና የሱሪዎቹን የወገብ ልክ ተመለከቱ። እውነትም የሾፌሮቹ ወገብ ገና ሲቀጠሩ ጀምሮ ሰፋ ያለ ነበር። ነገር ግን የወገብ ልካቸው ተመሳሳይ የሆኑትን ከተመሳሳዮቻቸው ጋር ሲያስተያዩ ልዩነቱ አልጠፋም፤ ቀጭንም ይሁን ወፍራም፣ ድንገተኛው የልብ ሞት ትኬት ቆራጮቹን ያነሰ ይነካ ነበር። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚያስታውስ አንባቢ ቢኖር የሱሪውን መዝገብ ቢያስታውስ እመርጣለሁ።

የደም ግፊት ባለባቸው ሰዎች ላይ እንደ እርምጃ፣ ሶምሶማ፣ ሳይክልና ዋና ያሉ ትንፋሽ የሚያሠሩ እንቅስቃሴዎች በመደበኛነት ሲደረጉ የላይኛውን ቁጥር በአማካይ ከ5 እስከ 8 ነጥብ ያወርዱታል። ጥቂት ይመስላል፤ ከአንድ የግፊት ክኒን ውጤት ጋር ግን ይቀራረባል። አንዱን ቀን ብቻ መራመድም ለተወሰኑ ሰዓታት ግፊትን ዝቅ ያደርጋል።

እዚህ ላይ የማይመቸንን ውጤትም መጥቀስ ተገቢ ነው። በአሜሪካ ስኳር ያለባቸውና ክብደታቸው ከፍ ያለ 5,145 ሰዎች ጠንከር ያለ የአመጋገብና የእንቅስቃሴ ክትትል ተደርጎላቸው ለ10 ዓመት ገደማ ታይተዋል። የልብ ጥቃትና ስትሮክ ከማነጻጸሪያው ቡድን ስላላነሰ ሙከራው በ2012 ቆመ። ብዙዎች «ልፋቱ ከንቱ ነው» ብለው ደመደሙ። ሆኖም ክትትል ያገኙት ሰዎች መድኃኒታቸው አነሰ፣ መራመድና ደረጃ መውጣት ቀለላቸው፣ በእንቅልፍ ውስጥ የሚከሰተው የትንፋሽ መቆራረጥም ቀነሰላቸው። ስኳር ያለበት ሰው እንቅስቃሴን የስታቲን (የኮሌስትሮል መድኃኒት) እና የግፊት መድኃኒት ምትክ ሊያደርገው እንደማይችል ከዚህ እማራለሁ፤ አብሮ የሚሄድ ነው።

ጉልበት፣ ሳንባ፣ ካንሰር

የጉልበት መገጣጠሚያ ሲያም ሰው መቀመጥ ይመርጣል። መቀመጡ ጉልበትን የሚደግፈውን የጭን ጡንቻ ያሰልላል፤ ሕመሙም ይብሳል። ለዚህ ሕመም ከመጀመሪያዎቹ ሕክምናዎች አንዱ እንቅስቃሴ ነው። ኪሎ ከቀነሰ ደግሞ የቀነሰው እያንዳንዱ ኪሎ በያንዳንዱ እርምጃ ጉልበት ላይ ከሚያርፈው ጫና 4 ኪሎ ያህል ያቀላል። ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ያለባቸው ሰዎችም በክትትል ሲሠለጥኑ ሳንባቸው ባይታደስም ጡንቻቸው ኦክስጅንን በቁጠባ መጠቀም ስለሚለምድ የትንፋሽ ማጠሩ ይቀልላቸዋል። በ2025 ውጤቱ የወጣ ሙከራ ደግሞ በትልቁ አንጀት ካንሰር ቀዶ ሕክምናና ኬሞቴራፒ የጨረሱ 889 ሰዎችን አሳትፏል። ለሦስት ዓመት በአሠልጣኝ የተደገፈ እንቅስቃሴ ካደረጉት ውስጥ በስምንተኛው ዓመት 90.3 በመቶው በሕይወት ነበሩ፤ የጤና ትምህርት ጽሑፍ ብቻ ከተሰጣቸው 83.2 በመቶ። አንድ መድኃኒት እንዲህ ያለ ልዩነት ቢያመጣ ዜናው ለወራት በተወራ ነበር።

ምን ያህል፣ እንዴት?

የዓለም ጤና ድርጅት የ2020 መመሪያ ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንካራ እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪም ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ይመክራል። ግፊት፣ ስኳርና ሌላ ሥር የሰደደ በሽታ ላለባቸውም ያንኑ ያህል ነው የሚለው። ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑት ሳይወድቁ ሚዛን መጠበቅን የሚያለማምድ እንቅስቃሴ በሳምንት ሦስት ቀን ይጨምራሉ። 150 ደቂቃ ያልደረሰ ሰው ግን ባዶ እጁን አይቀርም፤ እንዲያውም ትልቁ ጥቅም የሚገኘው ምንም ካለማድረግ ወደ ጥቂት ሲኬድ ነው። ለ10 ደቂቃ መራመድ የሚከብደው ሰው በ5 ይጀምር።

መካከለኛ የሚባለውን ለማወቅ ሰዓትም መሣሪያም አያስፈልግም። እየተራመዱ ማውራት ከተቻለ፣ መዝፈን ግን ካቃተ ልኩ ነው። ጥቂት ቃላት ብለው ትንፋሽ ለመሰብሰብ ማቆም ካስፈለገ ጠንካራ ሆኗል። ለጡንቻ ደግሞ ጂም ግዴታ አይደለም። ጠንካራ ወንበር ግድግዳ አስደግፎ፣ እጅን ደረት ላይ አጣምሮ፣ ቀስ ብሎ መነሳትና ይበልጥ ቀስ ብሎ መቀመጥ፤ ከ8 እስከ 12 ጊዜ፣ አረፍ ብሎ መድገም። ሲቀል ወንበሩን ትቶ ወደ ቁጭ ብድግ ማለፍ ነው። ሲነሱ ትንፋሽ ማውጣት እንጂ አፍኖ መያዝ አይገባም፤ ማፈኑ ግፊትን በድንገት ያሻቅበዋል።

ጥንቃቄውን አልዘለውም። ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊበንክላሚድ ያሉ የስኳር ክኒኖችን የሚወስድ ሰው በእንቅስቃሴ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ከሰዓታት በኋላ፣ ሌሊት ተኝቶ ሳለም ስኳሩ ሊወርድበት ይችላል። ከመጀመሩ በፊት ይለካ፤ ከ90 (ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር) በታች ከሆነ አንድ ነገር ቀምሶ ይውጣ፤ ኪሱም ውስጥ ጣፋጭ ነገር አይታጣ። ሊራመድ ሲል ጭኑ ላይ ኢንሱሊን ከተወጋ መድኃኒቱ ቶሎ ወደ ደም ስለሚገባ ሌላ ቦታ መምረጥ ይሻላል። እግሩ ስሜት ያጣ ሰው ከእርምጃ በኋላ ካልሲውን አውልቆ መዳፉንና በጣቶቹ መካከል ያለውን ይመልከት፤ የማያምመው ቁስል ነው የሚያሰጋው። ስኳር ዓይኑን የነካበት ሰው ከባድ ነገር ከማንሳቱ በፊት የዓይን ሐኪም ይጠይቅ። አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎልን የመሳሰሉ መድኃኒቶች የልብ ምትን ስለሚይዙ ለነዚህ ሰዎች ምት መቁጠር አያስተማምንም፤ ከላይ ያልነው የማውራት መለኪያ ይሻላቸዋል። ደረት ላይ ጫና፣ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፣ ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር ወይም ራስ መሳት ከመጣ ማቆምና ወዲያው ሕክምና መፈለግ ነው።

እንቅስቃሴው እየሠራ ሲሄድ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ይመጣል፦ ቀድሞ ልክ የነበረው የመድኃኒት መጠን ሊበዛ ይችላል። ከተቀመጡበት ሲነሱ ራስ ማዞር፣ ያለ ምክንያት መንቀጥቀጥና ማላብ የዚያ ምልክት ሊሆን ይችላል። ያኔ ክኒኑን በራስ ፈቃድ ማቆም ሳይሆን የሁለት ሳምንት የግፊትና የስኳር ልኬትን ከነቀኑና ሰዓቱ በወረቀት ጽፎ ለሐኪሙ ማሳየት ነው፤ መጠኑን የሚቀንሰው እሱ ነው።